የሻምበል ሁዳዴ

የካቲት 4 ቀን 2018፣ ረቡዕ

የውሃ ጎማዬን ሰረቁኝ። ሃያ ሜትር አዲስ ጎማ። ከቧንቧው ነቅለው፣ ጠቅልለው፣ አጥር ዘለው ሄዱ። እንቅልፍ አይወስደኝም እያልኩ ላገኘሁት ሰው ሁሉ የማማርር ሴትዮ ኮሽታውን እንኳ አልሰማሁም።

ለሕይወት በስልክ ነገርኳት፤ መናገር አልነበረብኝም። ልጄ ሰበብ ነው የምትፈልገው። «ይኸው! አላልኩሽም እማዬ? ለፋሲካ መጥቼ የቤቱን ነገር እንጨርስና አብረን አዲስ አበባ እንገባለን። ክፍልሽን አዘጋጅቻለሁ፤ ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ በረንዳም አለው» አለች። በረንዳ! አባቷ የተከለው ማንጎ እዚህ ቆሞ በረንዳ ትለኛለች። እሺም እምቢም ሳልል ኔትወርኩ ተቆረጠ። እኔው ነኝ የዘጋሁት።

ሠላሳ አንድ ዓመት ነርስ ሆኜ ስሠራ፣ ተረኛ ስንቀያየር ሪፖርት እጽፍ ነበር። ጡረታ ስወጣ ከተረፉት ደብተሮች አንዱን ይዤ ወጣሁ፤ ይኸው ዛሬ ሥራ አገኘ። የዛሬ ሪፖርት፦ አስካለ፣ ዕድሜ 63፣ ባሏ ከሞተ አምስት ዓመት፣ ብቻዋን ትኖራለች፣ ጎማ ጠፍቶባታል። ትእዛዝ፦ ውሻ። ትልቅ።

የካቲት 6፣ ዓርብ

ከደብረ ሲና ወደ ሸዋሮቢት መመለሴ ነው። ወገቤ ተቆርጧል።

እዚያ ፌቨን የምትባል የእንስሳት ሐኪም አለች። በተከራየችው ግቢ የተጣሉ እንስሳት ትሰበስባለች፤ ዘጠኝ ውሻ፣ ድመቶች፣ አንድ ዓይኗ የጠፋ አህያ። የሚያሳድግ ሰው ሲገኝ ታስረክባለች። ስለ እሷ የነገረኝ የጎረቤቴ የሩቂያ ልጅ ረድዋን ነው፤ በአይሱዙ ሽንኩርት ወደ አዲስ አበባ ሲያመላልስ በግቢዋ በኩል ያልፋል።

መጀመሪያ ያሳየችኝ አንዲት ትንሽ ቡኒ ውሻ ነበረች። «ይቺ ለእርስዎ ትመቻለች እትዬ። ታቅፈዋት የትም ይሄዳሉ» አለችኝ። የትም የሚታቀፍ ውሻ ምን ያደርግልኛል? ወደ ጥጉ ዞር ስል ሌላ ተጋድሟል። ወይ ጉድ! ግራጫ ነው፣ ጸጉሩ ጥቅጥቅ ያለ፣ ራሱ ብቻውን የድስት ክዳን ያህላል።

«እሱ ከባድ ነው» አለች። «አርባ ሁለት ኪሎ። ጣርማ በር፣ ዋሻው አፍ ላይ፣ መኪና ገጭቶት ነው ያገኘነው። ጌታው ከመኪና አውርዶ ጥሎት የሄደ ይመስለኛል፤ እስከ ዛሬ መኪና ባለፈ ቁጥር ብድግ ይላል። የኋላ እግሩ በደንብ አልገጠመም፤ ደረጃ መውጣት አይችልም። ቤትዎ ደረጃ አለው?»

«የለውም» አልኳት። «እሱን ስጪኝ።»

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን ወረቀት ማኅተሙን ሳይቀር አየሁ፤ በዚህ ነገር ቀልድ አላውቅም። ከዚያ ቅጽ ሞላሁ። «እንስሳ ለምን ፈለጉ?» ይላል፤ «ለሌባ» ብዬ ጻፍኩ። «ይህንን ለይተው ለምን መረጡ?» ይላል ደግሞ፤ «ሌባው ትልቅ ስለሆነ» አልኩ። ፌቨን ሳቀች። የሙከራ ጊዜው እስከ ፋሲካ ነው። ከተስማማን ሁለተኛ ቅጽ ሞልቼ ለዘለቄታው የእኔ ይሆናል፤ ካልተስማማን መልሳ ትወስደዋለች። ስለ ምግቡ የተጻፈ ወረቀትም ሰጠችኝ። መነጽሬን አልያዝኩም ነበርና አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ረድዋን ከአዲስ አበባ ባዶውን ሲመለስ አገኘን። «እትዬ አስካለ! ውሻ ብለውኝ አልነበር እንዴ? ይሄ እኮ በሬ ነው!» አለ። «ዝም ብለህ ክፈት» አልኩት። «ከኋላ ይሁንልኝ። ጋቢና ካስገባሁት እማ ታርደኛለች።» ብቻውን ከኋላ ይፈራል ብዬ እኔም አብሬው ወጣሁ። የስድሳ ሦስት ዓመት ሴትዮ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ አይሱዙ ጭነት ላይ! የደብረ ሲና ሰው ቆሞ አየኝ። ቁልቁለቱን ስንወርድ የቆላው ሙቀት ሲመጣ አፍንጫውን ቀና አድርጎ አሸተተ፤ ከዚያ ራሱን ጭኔ ላይ ጣለው። ጭኔ እስኪደነዝዝ አላነሣሁትም።

ስሙ ሻምበል ነው። ፌቨን ናት ያወጣችለት።

የካቲት 8፣ እሑድ

ነገ ሁዳዴ ይገባል። የቅበላውን አጥንት ሁሉ ለሻምበል ሰጠሁት፤ ሲሰባብረው ከቤት ውስጥ ይሰማል።

አይጮህም። ሁለት ቀን ሙሉ አንዴ እንኳ አልጮኸም። ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ ገብቶ ወጣ፤ ሻምበል ጅራቱን ነቀነቀለት። ሌባ ቢመጣ ጎማውን ይዞ የሚሸኘው ይመስለኛል። መኪና ሲያልፍ ግን ብድግ ይላል። እስኪርቅ አዳምጦ፣ መልሶ ይተኛል። አንጀቴን በላው።

የካቲት 10፣ ማክሰኞ

ልኳንዳዎቹ ተዘጉ። ክፍት የሆነው የጀይላን ሥጋ ቤት ነው፤ እሱም የሙስሊም ነው፣ ያውም ቤተ ክርስቲያን የሚመላለስ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት መንገድ። አስካለ በሁዳዴ ፌስታል ሙሉ ሥጋ አንጠልጥላ ከዚያ ስትወጣ! ማኅበርተኞቼ ለአንድ ዓመት የሚሆን ወሬ ያገኛሉ። ደግሞስ በጾም ሥጋ በእጄ ልነካ?

አይሆንም። በእኔ ቤት ያለ ሁሉ ይጾማል። ሻምበል ሽሮ በእንጀራ ይበላል። ዛሬ ሰጠሁት፣ ጠርጎ በላ። ይኸው፣ ለመደ።

የካቲት 13፣ ዓርብ

ረመዳንም ገብቷል። ዘንድሮ እኔና ሩቂያ አብረን ነው የምንጾመው።

ሠላሳ ዓመት ጎረቤት ነን። በአጥራችን መሃል መቀርቀሪያ የሌላት በር አለች፤ ቧንቧውም እዚያው ነው፣ የጋራችን። ያኔ አጣዬ ስትቃጠል፣ እዚህም ተኩስ ሲሰማ፣ ሩቂያ ልጆቿን ይዛ በዚያች በር ወደ እኔ ገብታለች። በማግስቱ ደግሞ እኔ ወደ እሷ። ማን ማንን እንደደበቀ ተጠያይቀን አናውቅም።

ዛሬ ሻምበል በዚያች በር አልፎ ኩስኩስቷን ላሰ። ለዙሁር ሰላት ውዱእ ልታደርግበት ውሃ ሞልታ ያስቀመጠችውን። «አስተግፊሩላህ! አስኩ፣ ውሻሽን ያዢ!» ኩስኩስቷን ሰባት ጊዜ አጠበችው፣ አንዱን ጊዜ በአፈር። ቆሜ ቆጠርኩ። «እሰሪው እንጂ እቴ፣ ጾም ነው» አለችኝ። አልተቆጣችም። ደክሟታል።

አሰርኩት። አለቀሰብኝ። ፈታሁት።

የካቲት 15፣ እሑድ

ረድዋን አንድ ጆንያ ሽንኩርት በራፌ ላይ አራግፎ ሄደ። «ዘንድሮ ገዢ የለም እትዬ፣ ሜዳ ላይ ከሚበሰብስ ይብሉት» አለ። እናቱ ናት የላከችው፣ አውቃለሁ። በኩስኩስቷ የተቀየመች እንዳይመስለኝ ነው።

ሽንኩርቱን ሳልሰስት አቁላላሁት። ሽሮዬ እንዲህ ጣፍጦ አያውቅም። ሻምበል ሳህኑን አገላብጦ ላሰ፤ ጨመርኩለት።

የካቲት 20፣ ዓርብ

ሕይወት ደወለች። ረድዋን ነግሯት ኖሯል።

«ውሻ ወሰድሽ እንዴ እማዬ?»

«ሌባ አለ እኮ።»

«ምን ያህላል?»

«ትልቅ ነው።»

«ምን ያህል ትልቅ?»

«ቆሞ ሲያይሽ ወገብሽ ላይ ይደርሳል።»

«ሦስተኛ ፎቅ ላይ ምን ልናደርገው ነው?» አለች። እኔ ምን ላድርግ፣ አንዴ መጥቷል። ሜዳ ላይ ልጣለው? አንዴ የተጣለ ፍጡር ነው አልኳት። ኔትወርኩ ተቆረጠ።

ዛሬ ደስ ሲለኝ ዋለ፤ በምን እንደሆነ እንጃ።

የካቲት 25፣ ረቡዕ

ሻምበል ማንጎው ሥር ጉድጓድ ቆፍሮ ተኝቶ ይውላል። ሙቀቱ ነው። ደገኛ ውሻ፣ ካፖርት ለብሶ የወረደ።

ልብስ ሳሰጣ ሩቂያ ለረድዋን ስትነግረው ሰማሁ። «በዚህ ውሻ ረመዳኔን እንዴት ነው የምጨርሰው? ትናንት ቀሚሴን ነካኝ፣ አጠብኩ። ዛሬም አጠብኩ። እሷ እንደሆነች ልጅ አድርጋዋለች።» ልጅ! ልጄማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነች።

ቅር አለኝ። እኔ እኮ ሌሊት ሌሊት በሱሑር ሰዓት ድስት ስታንኳኳ አንድ ቀን ተናግሬ አላውቅም።

የካቲት 28፣ ቅዳሜ

ሻምበል ዛሬ ከሽሮው ግማሹን ተወው። መኪና ሲያልፍም ራሱን ቀና አድርጎ ብቻ ተወው፤ አልተነሣም። እየለመደኝ ነው ማለት ነው።

ምግብ እንዲያምረው ብዬ ሁለት ራስ ሽንኩርት በዘይት ቁሌት አድርጌ ሽሮው ላይ ጨመርኩለት። እሱንስ በላ።

መጋቢት 1፣ ማክሰኞ

ሽንቱ ቀይ። የቆየ ሻይ ይመስላል። ድዱን ገልጬ አየሁ፣ ነጭ። ሊቆም ሲል እግሩ ከዳው። ልቡ ይሮጣል። ደሙ እያለቀ ነው፤ በሰው ላይ ስንቴ አይቼዋለሁ። ፌቨን ጋ ደወልኩ፣ ነገ በመጀመሪያው መኪና እወርዳለሁ አለች።

አንድ ነገር አብልተውታል። ሌላ ምንም ሊሆን አይችልም።

እሱ ከሞተ ለሕይወት ምን እላታለሁ?

ያው ቀን፣ ከመግሪብ በኋላ

ምን ሠርቼ ነው የተመለስኩት? 

ሩቂያ ቤት ሊያፈጥሩ ተቀምጠዋል፤ ዘመዶቿ ከገጠር መጥተው ቤቱ ሞልቷል። በመሃል በሯ ገባሁ። ሩቂያ ቴምሩን ይዛ ወደ አፏ ልታደርግ ስትል፣ «ውሻዬን ምን አበላችሁት እናንተ?» አልኩ። ጮህኩ መሰለኝ፤ ሕፃን አለቀሰ። ረድዋን ብድግ አለ። ሩቂያ ቴምሩን ወደ ሳህኑ መለሰችው።

«ምን አልሽ አስካለ?» አለች። አስኩ አላለችኝም።

«ሰምተሻል» ብያት ወጣሁ።

ብዙም ሳይቆይ በሯ ስትዘጋ ሰማሁ። መቀርቀሪያ ስለሌላት ከወዲያ በኩል ከባድ ነገር ጎትተው አስደገፉባት። ልክ ነኝ። ልክ ባልሆን እንዲህ አልናደድም ነበር።

መጋቢት 2፣ ረቡዕ

ፌቨን ጠዋት ደረሰች። ድዱን አየች፣ ሆዱን ዳሰሰች፣ ሽንቱን በብልቃጥ ወሰደች።

«ምን ይበላል እትዬ?»

«እኔ የምበላውን። ሽሮ፣ ምስር። ጾም አይደል?»

«ሽንኩርት አለው?»

«ሸዋሮቢት ውስጥ ሽንኩርት የሌለው ወጥ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አልሳቀችም። ተነሥታ ወጥ ቤት ገባች፤ ጆንያውን አየችው። ግማሹ አልቋል። ተመልሳ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ «ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው እትዬ። ጥሬውም የበሰለውም። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲወስድ ደሙን እያፈረሰ ይመጣል። ወረቀቱ ላይ ጽፌልዎት ነበር» አለች። ዝግ ብላ ነው ያለችው። ጮኻብኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ቦርሳዬን ከፈትኩ። ወረቀቱ እንደታጠፈ ነው። ሁለተኛው መስመር ላይ፣ በደማቁ፦ «ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ፈጽሞ አይስጡ።» እኔ ነኝ ይሄን ሳላነብ የቀረሁት! የሐኪም ወረቀት ሳያነቡ መድኃኒት የሚውጡ በሽተኞችን ሠላሳ አንድ ዓመት ሳበሻቅጥ የኖርኩት እኔ!

ግሉኮስ ይተከልለት አለች። ጸጉሩን ላጭታ ሁለቴ ወጋች፣ የደም ሥሩ ጠፋባት። «አምጪ» ብዬ ተቀበልኳት፤ በመጀመሪያው አገኘሁት። ከረጢቱን ማንጎው ቅርንጫፍ ላይ ሰቀልኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ሥራ ላይ እጄ ተንቀጥቅጦ አያውቅም፤ አፌ ነው እንጂ።

«ይድናል?» አልኳት። «አላውቅም። ሽንኩርቱ ይቁም፣ ጉበትና ሥጋ ይብላ፣ ሳምንቱን ካለፈ ተስፋ አለው» አለች።

ሩቂያን መርዘኛ አደረግኋት። በሰው ፊት። ምራቋን ሳትውጥ በዋለችበት ቀን፣ ማፍጠሪያዋ ላይ።

መጋቢት 3፣ ሐሙስ

የንስሐ አባቴ ጋ ሄጄ ስለ ሥጋው ጠየቅኋቸው። «ልጄ» አሉኝ፣ «ጾሙ የታዘዘው ለአንቺ ነው። ውሻውን ማን ጹም አለው?» ሳቁ። ሌላውን ስነግራቸው ግን ሳቃቸው ቆመ። «ይኸኛውን እኔ ጋ ይዘሽው አትምጪ። መጀመሪያ እሷ ጋ ሂጂ» አሉኝ።

ዛሬ አልሄድኩም። ሻምበል ግሉኮስ ላይ ነው፤ ጥዬው የት እሄዳለሁ?

መጋቢት 4፣ ዓርብ

በቀትር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጀይላን ቤት ገባሁ።

«እትዬ አስካለ?» አለ ጀይላን ቢላዋውን እንደያዘ። «ተሳስተው ነው?»

«አልተሳሳትኩም። ጉበት፣ አንድ ኪሎ። ለውሻ ነው!» ጮክ አልኩ፣ ውጭ ያለው እንዲሰማ። ስወጣ ማኅበርተኛዬ ደስታ ፊት ለፊት ቆማለች።

«አስካለ! በሁዳዴ?»

«ለውሻዬ ነው።»

«እንዴ! ጉበት ለውሻ?» በጾም ሥጋ በላሁ ብላት የሚሻላት ይመስለኛል።

ቆራርጬ፣ በውሃ ብቻ ቀቅዬ ሰጠሁት። አሸተተው። አየኝ። ሦስት ቁራጭ በላ! ከዚያ እጄን ታጠብኩ። ስንት ጊዜ እንደሆነ ስቆጥር ራሴን ያዝኩት፤ ሰባት።

ዛሬም አልሄድኩም።

መጋቢት 6፣ ደብረ ዘይት

ቤተ ክርስቲያን ደስታና ሁለት ሴቶች ሳልፍ ዝም አሉ። ይበሉ። ጆሮዬ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ሩቂያ አሁን ውሃ የምትቀዳው ከላይኛው ሰፈር ቦኖ ነው። ከጋራ ቧንቧችን አልቀዳም ብላ በጾም አፏ ጀሪካን ተሸክማ ስትመጣ ከሩቅ አየኋት። ወገቧ ያማታል። መርፌዋን የምወጋት እኔ ነኝ እኮ!

መጋቢት 8፣ ማክሰኞ

ድዱ ትንሽ ቀላ። ወይ ዓይኔ ነው።

ዛሬ ሩቂያ ደጅ ድረስ ሄድኩ። ሰው ሲያወራ ሰማሁና ተመለስኩ። ፈሪ። በሰው ፊት ለመሳደብ እግሬ ምን ፈጣን ነበር!

መጋቢት 11፣ ዓርብ

ዒድ ነው።

በየዓመቱ በመሃል በሯ ገብቼ ነበር ዒድ ሙባረክ የምለው። ዛሬ ነጠላዬን ለብሼ፣ ለስላሳውን በሳጥን አስይዤ፣ እንደ እንግዳ በዋናው በር ዞርኩ። ቤቱ እንደዚያን ቀን ሞልቷል። አንዳንዶቹ እነዚያው ናቸው። ሩቂያ አየችኝና፣ «ግቢ፣ ተቀመጪ» አለች። ለፖስተኛም እንዲሁ ነው የምትለው።

አልተቀመጥኩም። «በሰው ፊት ነው ያልኩት፣ በሰው ፊት ነው የምመልሰው» አልኩ። «ውሻዬን ያሳመምኩት እኔ ነኝ። በሽሮዬ፣ በሽንኩርት። ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው ተብሎ ተጽፎ ተሰጥቶኝ ሳላነብ ቀርቼ ነው። ሩቂያ ቤት ማንም ምንም አላደረገም። ዋሽቻለሁ፣ አዋርጃታለሁ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።» 

«ሽንኩርቱን ከየት አመጣሽው?» አለች ሩቂያ።

«ረድዋን ያመጣልኝ ነው። አንቺ የላክሽው።»

«ወላሂ! እንግዲያው እኛው ነን ያበላነው!» አለች። ረድዋን ነው የቀደመው፣ ሳቁ አመለጠው፣ ከዚያ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ሩቂያም በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። እኔ አለቀስኩ።

ስወጣ እስከ በር ሸኘችኝ። ሳቋ የለም። «ሠላሳ ዓመት አንቺ ስትይኝ ኖረሽ፣ ያን ቀን እናንተ አልሽኝ» አለች። «ስንቱ ሲለን ከርሟል፣ ከስንቱ ሰምቼ አልፌዋለሁ። ከአንቺ አፍ ግን ... ያቺ በር ባትኖር እኮ ሁለታችንም ዛሬ የለንም አስኩ።»

ግን አስኩ አለችኝ።

መጋቢት 12፣ ቅዳሜ

ጠዋት ከወዲያ በኩል የሚጎተት ነገር ሰማሁ። ስወጣ የመሃል በሯ ገርበብ ብላለች፤ በእኔ በኩል ሚስማር ላይ ፌስታል ተንጠልጥሏል። የዒዱ በግ ጉበትና ሳምባ።

«አንቺ በጾም ሥጋ አትነኪም፣ እኔ ውሻ አልነካም» አለች ሩቂያ ከወዲያ ሆና። «ከሚስማሩ ላይ በእንጨት አውርጂለት።»

«ነክቻለሁ እኮ።»

«ሰምቻለሁ። ከጀይላን ቤት እስከ ደብረ ሲና ያልሰማ የለም!»

ረድዋን ለኩስኩስቷ ቁመቱ ደረት የሚደርስ የብሎኬት መደብ ሠራላት። ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። ይህን ከወር በፊት ማሰብ ያቃተን ሁለት አሮጊቶች ቆመን አየነው። ከሰዓት ሩቂያ ውሃ ከቧንቧችን ቀዳች፤ እኔም የወገቧን መርፌ ወጋኋት።

መጋቢት 20፣ እሑድ

ቆመ! ግቢውን ዞረ። ሽንቱ ጠርቷል። ድዱ እንደ ሰው ድድ ቀልቷል። ፌቨን በስልክ እልል አለች፤ እኔም ማንም ሳያየኝ።

ሽሮዬን ብቻዬን እበላለሁ። ሕይወት ደውላ ቲኬቷን መቁረጧን ነገረችኝ። ቤቱን የሚያይ ሰውም አግኝታለች፤ ከፋሲካ ማግስት ይመጣል። እሺ አልኩ። ኔትወርክ አልቆረጥኩም፤ ጉልበት አጣሁ።

ሚያዝያ 4፣ ፋሲካ

ሕይወት ትናንት ገባች። ከስታብኛለች። ሻምበል ሄዶ ሲያሸታት ግድግዳ ላይ ተለጠፈች፤ «እማዬ! ይሄ እኮ ፈረስ ነው!» ጠዋት ግን አጠገቡ ተቀምጣ አየኋት፤ ፌቨን የላጨችውን የእግሩን ቦታ በጣቷ እየነካች ነበር። የመርፌውን ታሪክ ነገርኳት። በማንጎው ላይ ስለሰቀልኩት ከረጢት ስነግራት ሳቀች፤ የአባቷን ሳቅ ነው የያዘችው።

የዶሮ ወጡ በሽንኩርት ነው፣ እንደ ወጉ። የሻምበልን ግን ለብቻ፣ ያለ ጨው ያለ ምንም። ሩቂያ በመሃል በሯ እንኳን አደረሳችሁ ልትል መጣች፤ ቀሚሷን ሰብስባ ከሻምበል ሦስት እርምጃ ርቃ ተቀመጠች። ሕይወት ስለ ነገው ሰውዬ ማውራት ጀመረች፤ ደህና ሰው ነው፣ ግቢውን ይወደዋል አለች። እኔ ሳህን አነሣሁ።

«ሕይወት» አለች ሩቂያ። «እናትሽ ይህን ውሻ ለሌባ ያመጣችው ይመስልሻል?»

«ለምን ነው ታዲያ?»

«እሷን ጠይቂያት።»

አልጠየቀችኝም። እኔም ሳህኑን ይዤ ወጥ ቤት ቆየሁ።

ሚያዝያ 5፣ ሰኞ

ቤት የሚያየው ሰውዬ መጣ። ሻምበል ደጃፉ ላይ ተጋድሞ ነበር። ምንም አላደረገም፤ ጅራቱን ነቀነቀለት። ሰውዬው መጠኑን አይቶ ከበሩ ሳያልፍ «ሌላ ጊዜ» ብሎ ሄደ። ሕይወት ተናደደች። ከዚያ እኔን አየችኝ፣ ሻምበልን አየችው።

ሚያዝያ 6፣ ማክሰኞ

ሁለተኛውን ቅጽ ፌቨን በረድዋን እጅ ላከችው። ሕይወት ዛሬ ትመለሳለች፤ መኪናው ደብረ ሲና ስለሚቆም ለፌቨን አድርሺልኝ አልኳት። እሷ ሻንጣዋን ስትዘጋ እኔ መነጽሬን አድርጌ እያንዳንዱን መስመር ሁለት ሁለቴ አነበብኩ።

ሻምበል ማንጎው ሥር ነው። የአዲስ አበባው መኪና ጥሩምባውን እየነፋ በደጅ ሲያልፍ ጆሮውን እንኳ አላነሣም። ድዱን ገልጬ አየሁ፤ ቀይ ነው። አልታመመም።

ጥያቄዎቹ ያው የመጀመሪያው ቅጽ ናቸው። «እንስሳ ለምን ፈለጉ?» የሚለው ላይ አሁንም «ለሌባ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሰረዝኩት። «ይህንን ለይተው ለምን መረጡ?» ከሚለው ሥር ብዙ ቦታ ትተዋል። ሕይወት «እማዬ፣ መኪናው ያመልጠኛል!» እያለች ትጮሃለች። ጻፍኩ፦

«ደረጃ መውጣት ስለማይችል።»

ሳላጥፍ ሰጠኋት። መንገድ ላይ ማንበቧ አይቀርም።